ያዋስኩት ስም

ሃያ ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ያላንኳኳሁት የመሥሪያ ቤት በር የለም። የጫማ ፋብሪካ ሠርቻለሁ፤ የስልክ ካርድ ሸጫለሁ፤ የክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ የሰው ስም ስጽፍ ውዬ ገብቻለሁ፤ ለኢንሹራንስ ድርጅት ስልክ እየደወልኩ በቀን መቶ ሰው ጆሮዬ ላይ ዘግቶብኛል። የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዬን በዚያ ሁሉ መሐል፣ ከሥራ መልስ እየተማርኩ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ በከተማችን በሰማራንግ መሀል ያለው ባንክ ለገንዘብ ተቀባይነት ሲጠራኝ ደስ አለኝ ብል ዋሸሁ። ደከመኝ። እንደገና ነጭ ሸሚዝ መተኮስ፣ እንደገና ፎቶ ኮፒ፣ እንደገና በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ልጅ "ድክመትሽ ምንድን ነው?" ሲለኝ ፈገግ እያሉ መልስ መፈለግ።

የዚህኛው ግን ነገሩ ቀና። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። ቃለ መጠይቁንም አለፍኩ። አንድ እሽግ ገንዘብ ሰጥተው በሰዓት አስቆጠሩኝ፤ ሁለት ሐሰተኛ ኖት ደብቀውበት ነበር፣ ሁለቱንም ለቅሜ አወጣሁ። ከመቶ አርባ አመልካች ስድስት ቀረን። ከዚያ ልብስ ሰፊ መጥቶ ትከሻችንንና ወገባችንን ለካን። ወገቤን ከለኩ በኋላማ አይመልሱኝም ብዬ አሰብኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ቡ ሜሊያና ይባላሉ፤ ቡ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። አርባዎቹን የጀመሩ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ የማይል፣ ሰው ሲያባርሩም ሻይ ጋብዘው የሚያባርሩ ዓይነት ሴት ናቸው። "አንዲት ወረቀት ብቻ ቀርታለች" አሉኝ። የብድር ታሪክ። መታወቂያ ይዘሽ ወደ ባንኮች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስትሄጂ በነፃ ይሰጡሻል፤ በአገሩ ያለ ባንክና አበዳሪ ሁሉ ስለ አንቺ የጻፈው እዚያ ላይ አለ። ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ይሰጡታል። አንድ በቀኑ የሚከፍል ሰው ነው። አምስት ደግሞ ተስፋ የተቆረጠበት። ባንኩ ከሁለት በላይ የሆነን ሰው ገንዘብ አያስነካም።

እኔ በሕይወቴ ተበድሬ አላውቅም። ስልኬን እንኳ ሰባት ወር አጠራቅሜ በጥሬ ገንዘብ ነው የገዛሁት። ስለዚህ በማግስቱ የሄድኩት የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ ሊሰበስብ እንደሚወጣ ሰው ነው፣ ምንም ሳላስብ። ቁጥር ያዝኩ፣ ተጠራሁ፣ አንዲት ልጅ ሁለት ገጽ አትማ ሰጠችኝ። ልጅቷ ወረቀቱን ስትሰጠኝ ፊቴን አላየችም። ይሄኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

አንድ ሞተር ሳይክል፤ ከስምንት ዓመት በፊት። ደረጃ አምስት። ያልተከፈለ ዋና ገንዘብ ሰባት ሚሊዮን ሩፒያ፤ ከቅጣቱ ጋር አሥራ ዘጠኝ ሚሊዮን። ከላይ ደግሞ ያለ አንዲት የፊደል ግድፈት ሙሉ ስሜ።

እዚያው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሞተሯን አስታወስኳት። ቀይ ነበረች።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገኝ አጎቴ ነው። ስሙ ዋጊሚን ነው፤ እኔ ፓክሌ ነው የምለው፣ የአባት ታናሽ እንደ ማለት፤ ሌላው ሰው አቶ ለማለት ፓክ ይለዋል። አንቱ ስል ስላደግኩ አሁንም ሲጽፍ እጄ አንተ ማለት እምቢ ይለዋል፤ አንቱ ብዬ ልቀጥል። ፓክሌ የዚያን ጊዜ በሞተር ሰው ያመላልሱ ነበር። የምንኖረው ከከተማዋ በስተሰሜን፣ ባሕሩ ደስ ባለው ቀን እየመጣ ደጃፋችንን በሚያጥብበት መንደር ነው፤ አሮጌዋ ሞተራቸው በጨው ውሃ በስብሳ ሞተች። አዲስ ለመግዛት ዱቤ የሚሰጠው ኩባንያ የደመወዝ ወረቀት ይጠይቃል። መንገድ ዳር ቆሞ ሰው የሚጭን ሰው የምን የደመወዝ ወረቀት አለው? እኔ ግን ያን ዓመት ጫማ ፋብሪካ ገብቼ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ወረቀቱም ነበረኝ። የኩባንያው ገምጋሚ ራሱ ቤታችን ተቀምጦ፣ ያፈላሁለትን ሻይ እየጠጣ፣ "ስም ፈልጉ እንጂ ፓክ። ስም ካለ ሞተር አለ" አላቸው።

በእኛ ሰፈር ስም ይዋሳል። መሰላል ይዋሳል፣ ትልቁ ድስት ይዋሳል፣ ስምም ይዋሳል። ጎረቤታችን ቡ ቲናህ ማቀዝቀዣቸውን በዱቤ ያወጡት በምራታቸው ስም ነው፤ ምራታቸው ደግሞ ስልኳን ያወጣችው በወንድሟ ስም። እምቢ ያለ ሰው ጨው እንደከለከለ ነው የሚታየው። እኔማ እምቢ ማለት የሚባል ነገር እንዳለም አላውቅም ነበር። ሦስት ቦታ ፈረምኩ። ፓክሌ በማግስቱ ቀዩዋ ሞተር ላይ አፈናጥጠው ፋብሪካ አደረሱኝ፤ የደስታዬን ብዛት ዛሬም አልረሳውም። በኋላ መንገዱን ሁሉ በስልክ የሚጠሩ ባለ ሞተሮች ሲሞሉት ሥራው ቀዘቀዘ፣ ፓክሌም አንድ ቀን ያለ ሞተር ገቡ። "ሸጥኳት" አሉኝ። ዕዳዋስ ብዬ አልጠየቅኩም። አጎት እንዲህ ይጠየቃል እንዴ?

ወረቀቱን እንደያዝኩ ወደ ዓሣ ገበያው ሄድኩ። ፓክሌ ዛሬ እዚያ የሰው ሞተር ይጠብቃሉ፤ ብርቱካንማ ሰደርያ፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ፀሐዩ ግን ሰባ አስመስሏቸዋል። ከሩቅ ሲያዩኝ ደስ ብሏቸው ወንበራቸውን በእጃቸው ጠራረጉልኝ። አልተቀመጥኩም። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አምስተኛ ክፍል ነው ያቆሙት። ቀስ ብለው፣ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት።

ከዚያ ተናገሩ። ሞተሯ አልተሸጠችም። ዓርብ ቀን መስጊድ ሲሰግዱ ከደጅ ተሰረቀች። ድርብ ቁልፍ አላደረጉባትም ነበር፣ በዚያ አፈሩ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ለሌለች ሞተር ከፍለዋል፤ እኔ ሳላውቅ፣ ቁርሳቸውን እያስቀሩ። በአሥራ ሁለተኛው አቃታቸው። ገንዘብ ሰብሳቢው ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ ቀረ፤ ቢሮውም ተዘጋ።

"መምጣት ሲተው፣ የተውት መሰለኝ" አሉ።

ለስርቆቱ ኢንሹራንስ አልነበረም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ነበር። ባለ ስሟ ራሷ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ማመልከት አለባት አሏቸው። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ፈተና ላይ ነበርኩ።

"ላስጨንቅሽ አልፈለግኩም፣ ልጄ።"

ሊያስጨንቁኝ ስላልፈለጉ! የሚገርመው እኚህ ሰው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰፈራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው። የቀብር መዋጮው፣ የጎርፍ መዋጮው፣ የሌሊት ጥበቃው፣ ሁሉም በእኛ ቤት አልጋ ሥር ባለች ቀይ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ሳንቲም ጎድሎ አያውቅም። ያ ገንዘብ ሰብሳቢ በራችን ላይ ቆሞ ሲጮህባቸው በነበረ ጊዜ፣ የሦስት ወር ክፍያ የሚሸፍን ገንዘብ ከጀርባቸው በአራት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። አልነኩትም። ይሄን ሳስበው ይብስ ተናደድኩ።

"የሰፈሩን ቆርቆሮ አንድ ቀን አልነኩም" አልኳቸው። "የእኔን ስም ግን ነኩ።"

አንድ መኪና ሊወጣ መጣ። ፊሽካቸውን ነፍተው መንገድ አስያዙት፣ ሾፌሩ የወረወረላቸውን ሁለት ሺህ ሩፒያ ከመሬት አንስተው ኪሳቸው ከተቱ፣ ተመለሱ።

"ልክ ነሽ" አሉ።

ቢከራከሩኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ቡ ሜሊያና ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቱን አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሻይ አዘዙልኝ። ሻዩ ሲመጣ አበቃልኝ አልኩ። ነገር ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። ዕዳውን ልክፈለው ብል እንኳ ከየት አምጥቼ፤ ደግሞ ኩባንያው ፈርሶ ዕዳው ለሌላ ተሽጧል፣ ማን ጋ እንደሚከፈል ለማወቅ ብቻ ወር ይፈጃል። ቡ ሜሊያና ግን ሊያጡኝ አልፈለጉም፤ ሁለቱንም ሐሰተኛ ኖት ያገኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ብድሩ ለምን እንዳልተከፈለ የሚያውቅ ሰው የፈረመበት ቃል በጽሑፍ አምጪ አሉኝ። ቴምብር የተለጠፈበት፣ የሰፈሩ አለቃ ማኅተም ያረፈበት። እስከ ሐሙስ። "ዳይሬክተሩ ጋ እኔው ራሴ ይዤው እገባለሁ" አሉ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ቤት ስገባ ለፓክሌ ነገርኳቸው። ነገሩ ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም። እንዲህ ያለ ቃል ሲፈርሙ የሰፈሩ አለቃ ያነበዋል። የሰፈሩ አለቃ ካነበበው ሰፈሩ ይሰማዋል። ሰፈሩ ከሰማው ደግሞ ዕዳ በልቶ ዝም ያለ ሰው አልጋ ሥር የሰፈሩ ገንዘብ ሊቀመጥ ነው ማለት ነው። ይሄን ሁሉ እኔም አውቀዋለሁ። ተዉት ልላቸው ይገባኝ ነበር። አፍሬያለሁ፤ እውነቱን ልናገርና ከኀፍረቴ ይልቅ ሥራውን ነበር የፈለግኩት። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ነጭ ሸሚዝ የምተኩስበት ጉልበት አልቀረኝም። ወረቀትና ብዕር አወጣሁ።

ፓክሌ ረቡዕ ጠዋት ገላቸውን ታጥበው፣ የሠርግ ባቲክ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ጥቁር ቆባቸውን ደፍተው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። የሰፈራችን አለቃ ፓክ ሃርዮቶ የዶሮ መኖ ነጋዴ ናቸው፤ ቢሯቸውም ሱቃቸውም አንድ ነው። ቃሉን እኔ ጽፌው ነበር። ፓክ ሃርዮቶ በልብ ማንበብ የሚባል ነገር አይሆንላቸውም፤ ጮክ ብለው አነበቡት። "እኔ ዋጊሚን፣ የወንድሜን ልጅ የወኒንግን ስም ተውሼ ሞተር ሳይክል በዱቤ አውጥቼ፣ ዕዳውን ሳልከፍል ቀርቻለሁ፤ እሷ ስለ አለመክፈሌ የምታውቀው የለም።" መኖ ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች ከረጢታቸውን እንደያዙ ቆመው ሰሙ። የፓክ ሃርዮቶ ሚስት ከጓዳ ውስጥ ድስት ማማሰል አቆመች።

ፓክ ሃርዮቶ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ፓክሌን በሐዘን አዩአቸው። አብረው ያደጉ ናቸው። ይሄ ወረቀት ባንክ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ማንም አያየውም፣ ቆርቆሮውን ምን አገናኘው አሉ። ሊረዷቸው ፈልገው ነው።

"እኔ የፈረምኩትን እኔው አላየሁትም ልበል?" አሉ ፓክሌ። "እሑድ ስብሰባው ላይ አስረክባለሁ።"

ቴምብሩን ምላሳቸው ላይ አርጥበው ለጠፉ። ስማቸውን ግማሹ ቴምብሩ ላይ ግማሹ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ ቀስ ብለው ጻፉ፤ ፊደል በፊደል፣ ልክ ሰዓሊ እንደሚስል። ፓክ ሃርዮቶ ማኅተሙን መቱ። ስንወጣ ከሴቶቹ አንዷ "ፓክ ዋጊሚን፣ ምነው ዛሬ ሠርግ አለ እንዴ?" ብላ ቀለደች። ፓክሌ ሳቁላት፤ ከአንገት በላይ።

ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱን በፕላስቲክ አቃፊ አድርጌ ቡ ሜሊያና ፊት አኖርኩት። ኮርቼ ነበር እኮ። እንዲህ ያለ የጠራ ማስረጃ፣ ማኅተም ያለው፣ ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን የሚናገር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚለው ተረት በቴምብር ተጽፎ እንደ ማለት ነው። ቡ ሜሊያና አንድ ጊዜ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው አስተኙት።

"ወኒንግ" አሉኝ፣ "ይሄን ባታመጪው ይሻልሽ ነበር።"

አልገባኝም። አስረዱኝ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ዝግ እንዳለ ነው። ሰው ተበድሮ ባይከፍል ታመመ ይባላል፣ ከሥራ ወጣ ይባላል፣ ዳይሬክተሩም ሰው ነው፣ አንዳንዴ ይሰማል። ይሄ ወረቀት ግን የሚለው ሌላ ነው። ባንክ ልትገባ የምታመለክት ልጅ የሌላን ሰው ብድር የእኔ ነው ብላ ፈርማለች ነው የሚለው። ይሄ በባንኩ ደንብ ዕዳ አይደለም፤ ማጭበርበር ነው። ያለፈው ዓመት ሁለት የብድር ሠራተኞች ያባረሩት በዚሁ ነው፣ ስም የሚያዋሱ ሰዎችን ዓይተው እንዳላዩ ስላለፉ። አሁን ማኅተም ያለው ወረቀት እጃቸው ገብቷል፤ አላየሁትም ማለት አይችሉም፣ ከፋይሌ ጋር መያያዝ አለበት።

"ሁሉም ሰው እኮ ነው የሚያዋሰው" አልኩ። ድምፄ የሕፃን ድምፅ ሆነብኝ።

"አውቃለሁ። እናቴም አዋሳለች" አሉ ቡ ሜሊያና። "እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን አላውቅም።"

ሻዩን ጠጪ አሉኝ። ጠጣሁት። ምን ላድርግ፤ ትኩስ ነበር።

ከባንኩ እስከ መንደራችን በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በእግሬ ሄድኩ። መናደድ ፈልጌ ነበር፤ በማን እንደምናደድ ግን መርጬ መጨረስ አቃተኝ። በገምጋሚው? በፓክሌ? በቡ ሜሊያና? ወይስ ያንን ቃል በራሷ እጅ፣ ባማረ ጽሕፈት፣ ለገዛ አንገቷ ገመድ አድርጋ በጻፈችው በኔው? ወደ መንደሩ መግቢያ ስደርስ ባሕሩ መጥቶ ነበር፤ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነበር፣ ሞቃት።

ፓክሌ ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እንዴት ሆነ አሉኝ። ይደውላሉ አልኳቸው።

ይሄን ውሸት የዋሸሁት ለእሳቸው አዝኜ ብቻ አይደለም። እውነቱን ብናገር ፊታቸው የሚሆነውን ለማየት ጉልበት ስላልነበረኝ ጭምር ነው። ሐሙስ አለፈ፣ ዓርብ አለፈ፣ ቅዳሜም። ፓክሌ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከገበታቸው ቀና ይላሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ቆርቆሮዋን ከአልጋ ሥር አውጥተው በእርጥብ ጨርቅ ወለወሏት፤ መዝገቡን አዲስ ወረቀት አለበሱት፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ደረሰኞችን በዓመት በዓመት ለይተው በጎማ አሰሩ። እኔ ሩዝ እየለቀምኩ አያቸዋለሁ። ሟች ሲገንዙ የማይ መሰለኝ።

የሰፈሩ ስብሰባ በየወሩ መጀመሪያ እሑድ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ያን ቀን ተራው የእኛ ቤት ነበር፤ ምንጣፍ አነጠፍን፣ የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቶፉና ኦቾሎኒ አቀረብኩ፣ ሻይ ቀዳሁ። ሰላሳ የሚሆን ሰው መጣ፣ ከወትሮው ይበልጣል። የመኖ ቤቱ ወሬ ያልደረሰበት አልነበረም። ሰው ሁሉ ስለ ጎርፍ ብቻ ያወራል፤ ጎርፍ እንዲህ የተወራለት ቀን የለም።

ፓክ ሃርዮቶ ስብሰባውን ከፈቱ። ፓክሌ ተነስተው ቆርቆሮዋን ምንጣፉ መሀል አስቀመጡ፣ መዝገቡን ላይዋ ላይ።

"ወረቀት ፈርሜያለሁ። ሰምታችኋል" አሉ። "የገዛ ልጄን ስም አበላሽቼ የእናንተን ገንዘብ መያዝ አልችልም። ቁጠሩና ተረከቡኝ።"

ፓክ ሃርዮቶ ማን ይያዝ ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ሻዩን አየ። ደመወዝ የሌለው ሥራ ነው፤ ሌባ ሲገባም መጀመሪያ የሚጠየቀው ያዡ ነው። ከዚያ ቡ ቲናህ ተናገሩ። የስድሳ ዓመት ሴት ናቸው፤ በሰፈራችን ሰው የሚፈራው ባሕሩንና የቡ ቲናህን አፍ ነው።

"እሱ ይቆይ" አሉ። "ልጅቷስ? ባንኩ ወሰዳት?"

ዓይኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የፓክሌም። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ይደውላሉ ልል አፌን ከፈትኩ። ሰው ፊት ግን፣ እሳቸው ያንን ሁሉ አፍረጥርጠው ከተናገሩ በኋላ፣ ውሸቱ አልወጣ አለኝ።

"አልወሰዱኝም" አልኩ።

"ወረቀቱን ወስደሽ እንኳ?" አሉ ቡ ቲናህ።

"ወረቀቱ ነው የጣለኝ። አለመክፈል ይቅር ይባላል አሉ። ስም ማዋስ ግን ማጭበርበር ነው፤ ያዋሰ ሰው ባንክ አይገባም።"

የማን ማቀዝቀዣ በማን ስም እንደወጣ፣ የማን የልብስ ስፌት መኪና፣ የማን ስልክ፣ እዚያ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። አንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ዞረ፣ አንዳንዱ ቶፉውን ቆረሰ። እኔ ግን የማየው ፓክሌን ነው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ቀስ ብሎ ገባቸው፤ ወረቀት ሲያነቡ እንደሚገባቸው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

"እንግዲያ" አሉ ቡ ቲናህ፣ "ከዚህ ሰፈር ለባንክ የሚሆን ሰው የለም ማለት ነዋ። ድመቷ ካልሆነች።"

ጥቂት ሰው ሳቀ። ቡ ቲናህ ግን አልሳቁም። ከመቀነታቸው ውስጥ የታጠፈ ሃያ አምስት ሺህ ሩፒያ አወጡ፣ የወር መዋጮአቸውን፣ ተንፏቀው ሄደው ፓክሌ ፊት አኖሩት። ፓክሌ ለፓክ ሃርዮቶ ስጪ ብለው በእጃቸው አመለከቱ።

"ለማን እንደምሰጥ አንተ አትነግረኝም፣ ዋጊሚን" አሉ ቡ ቲናህ። "ጉልበቴ ያመኛል፤ እዚያ ድረስ አልንፏቀቅም። ቁጠር።"

ከእሳቸው ቀጥሎ ምራታቸው ሰጠች። ከዚያ የመኖ ቤቷ ሴት፣ ያቺ ሠርግ አለ እንዴ ብላ የቀለደችዋ። ከዚያ ሰው ሁሉ እንደ ወትሮው እየተነሳ ሰጠ፤ ማንም ይቅርታ አደረግንልህ አላለም፣ ማንም ጉዳዩን አላነሳም። ፓክ ሃርዮቶም የራሳቸውን ሰጥተው ሲያበቁ ስለ ቦይ ጠረጋው መናገር ጀመሩ። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜ ይሄን አያለሁ። ሰዎቹ ሥራ ቢኖራቸው ይሰጡኝ ነበር። ችግሩ የላቸውም።

ፓክሌ መቁጠር ጀመሩ። ስምንት መቶ አርባ ሺህ አሉ። መዝገቡ ላይ ሊጽፉ ብለው ተዉት፤ ደግመው ቆጠሩ። ስምንት መቶ አሥር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆጠራ ተሳስተው አያውቁም። ሦስተኛውን ከመሀል አቆሙ። ፓክ ሃርዮቶ ስለ ቦዩ ማውራታቸውን ቀጠሉ፣ ጮክ ብለው፣ ሰው ወደዚያ እንዳያይ።

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ገንዘቡን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ወስጄ ቆጠርኩ። ስምንት መቶ ሃያ አምስት ሺህ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው ነው። ነገርኳቸው፤ መዝገቡ ላይ ጻፉ፣ ከሥሩ ፈረሙ።

ከዚያ መዝገቡን ሊዘጉ ብለው ቆም አሉ። በሰፈራችን ደንብ የቆጠረውም ሰው ይፈርማል። ብዕሩን ይዘው አዩኝ። ፈርሚ አላሉኝም። ዕድሜ ልካቸውን ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር የሚሉኝም አልመሰለኝም። ብዕሩን ከመሬት ሊያስቀምጡት እጃቸውን ዝቅ አደረጉ።

ከእጃቸው ወሰድኩት። ስሜን ከስማቸው ሥር ጻፍኩ።